የተቀጠለው ካሴት

ካሴቷን ያመጣት ሹፌሩ ይመር ነው፣
ሐረጎን ሲወርድ ፍሬኑን እያስጮኸው፤
ሽፋን የላት፣ ሥዕል የላት፣
በእስክሪብቶ ብቻ «ኮራሊን» ተብሎ ተጽፎባት።

እንግሊዝኛው ለእኛ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ፤
ፈታልን መምህር እንድሪስ፣ ከማታው ንባብ፦
እናቷ ጥጥ ለቃሚ ነበረች፣ በሰው ማሳ፣
እሷን ጆንያ ላይ አስተኝታ፣ በዜማ ቀስቅሳ።
ቤተ ክርስቲያን ዘምራ፣ መሸታ ቤት አዚማ፣
ሸክላዋ ወጥቶ ስሟ ሲዞር ከከተማ ከተማ፣
«ነጭ ከፊት፣ ጥቁር ከሰገነት» ባሉበት አዳራሽ
ድምፅ ማጉያውን ወለሉ ላይ አኑራ ወጣች።
ውሏ ተቀደደ። ሬዲዮኑ ረሳት።
ከዚያ ወዲያ የሰልፈኛ መንገድና የወህኒ ደጅ መድረክ ሆኑላት።
ዳኛው «ሥራሽ?» ሲላት
«ለቃሚ» አለች አሉ፣ «እንደ እናቴ ነው።»
«ምን?»
«ድምፅ።»

እኛም የጥጥ ሰዎች ነን፤ ቅንድባችን ነጭ፣ ሳላችን ነጭ፣
ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ዳር፣ ከሦስተኛው ፈረቃ እንደ ብናኝ የምንረጭ።
ደጋግመን ሰማናት። አንድ ማታ ቴፑ በላት፤
ሞሚና በጥፍር ቀለም አጣብቃ ቀጠለቻት፣
ሦስተኛው ዘፈን መሀል ላይ ግን
አንድ ትንፋሽ ጎደላት።
«እዚያ ጋ ምን ትል ነበር?» ብንለው መምህሩን፣
«እንጃ» አለ፣ መነጽሩን እያበሰ፣ «አልጻፍኩትም ቃሉን።»

የሁለት ወር ደመወዝ ሲቀር፣ ማሽኑን አጥፍተን በር ላይ ቆምን።
መፈክር አልነበረንም፤
ያችን ሦስተኛዋን ሞሚና አነሣችልን፤
ባቲ ሲሉት አምባሰል በሚሆን ቅኝት ተቀበልን።
እዚያ ስንደርስ፣ ቴፑ የተቆረጠበት ጋ፣
አራት መቶ ሰው እኩል
ዝም አልን።

ሥራ አስኪያጁ መስኮቱን የከፈተው
ያን ጊዜ ነው።