የሰማይ ብድር

በርሜሉን አቁሜ የተውኩት እኔ ነኝ።
ሩፑኑኒ ላይ ዝናሙ ሦስት ቀን ሲወርድ፣
በጎኑ ላስተኛው ሲገባኝ፣ ወገቤን አመመኝ፤
«ነገ» አልኩት፤ ነገም መጣና ሄደ፣ እንደ እንግዳ ሰው በመንገድ።

ክዳኑ ላይ ኩሬ ሠራ፣ ለድንቢጥ ጥም እንኳ የማይበቃ።
ብረትም እንደ ሰው ይተነፍሳል፤
ቀን ሲግል እፎይ ይላል፣ ሌት ሲበርደው ወደ ውስጥ ይስባል፤
ያቺን ኩሬ በቡሹ ስንጥቅ ማጋት፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ማንም ሳይነቃ።

ማለዳ ካፒቴን ዴንሪክ ከክንፉ ሥር በብርጭቆ ቀዳ።
ነርስ አዮኒ ተሳፍራለች፣ የክትባት ሳጥን ታቅፋ፤
ከኋላዋ ሦስት ከረጢት ጨው።
ሕጉን ሁላችን እናውቃለን፦
ነዳጁ ሰማያዊ ነው፤ ውሃ ካለበት ከታች ይዘቅጣል፤
በመካከላቸው እንደ ክር የቀጠነ መስመር ይታያል።
ብርጭቆውን አነሣ፣ ዝናም ወዳጠበው ሰማይ።
መስመር የለም። ጥርት ያለ ሰማያዊ።
«ንጹሕ ነው» አለ።
«ንጹሕ ነው» አልኩ።

መስመር ያልነበረው ሁለት ስላልነበሩ ነው።
ብርጭቆው ሙሉውን ውሃ ነበር፤
ቀለሙን ያበደረው ሰማዩ ነበር።

ከማንጎዎቹ ጫፍ በላይ ሞተሩ ሁለቴ ሳለ፣
ንግግር ሊጀምር ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ፤
ንግግሩ ግን አልመጣም።
ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤
ሰው በአየር ላይ ውሃ ሲወስደው ያን ቀን አየሁ።

ዴንሪክ አፍንጫዋን ዘቅዝቆ ለሜዳው ሰጣት፤
ሜዳው ኩይሳ በኩይሳ ነው፤
አንዱ ኩይሳ ግራ ክንፏን፣ ሌላው ቀኙን ወሰዳት።
አዮኒን በበሬ ጋሪ አመጣናት።
ሳጥኑ ውስጥ በረዶው ገና አልቀለጠም ነበር።
ከእቅፏ ያላቀቅኩት እኔ ነኝ።

ከጆርጅታውን መርማሪ መጣ፣ ጫማው ጭቃ የጠላ።
ዴንሪክ መንጋጋው ታስሮ ስለነበር በእርሳስ ጻፈለት፦
«ብርጭቆውን ያየሁት እኔ ነኝ።» ሌላ ምንም አልጨመረ።
ስለ በርሜሉ አንዲት ቃል የለም።
ውለታ ይሁን ቅጣት፣ እስከ ዛሬ አልለየሁም።

አሁን በርሜሎቼ በጎናቸው ይተኛሉ።
ጠርዙ የተላጠ ነጭ የብረት ሳህን አለኝ፤
በሱ ላይ አፈሳለሁ፣ አሸታለሁ፣ ጣቴን አጠልቃለሁ፤
ነዳጅ ከጣት ላይ ይበራል፣
ውሃ ይቀራል።
ወጣቶቹ አብራሪዎች ይስቁብኛል፦
«አንተ ሰው፣ ሰማዩ እንዲህ ጠርቶ! ወደ ላይ አንሣና እየው!»

በጠራ ቀን ነው እኮ ሁለቴ የማሸተው።