ቢጫ ሰደርያ

አርብ ማታ ነው፤ በአይስላንድ ሰሜን ዳር ነፋሱ ያጓራል፤
ጨው፣ ናፍጣና ዓሣ የተቀላቀለው ሽታ ከንፈር ላይ ይቀራል።
አራት ወላጆች ነን፤ አራት ቢጫ ሰደርያ፣ አንድ የእጅ ባትሪ፤
ብሪንዲስ ከፊት ናት፣ ከዓሣ ፋብሪካው የመጣች፣ የማትቸኩል መሪ፤
ኦዱር ከነሳሉ፣
እኔ ከነዝምታዬ፤
አራተኛው አዲስ ነው፣ ጓንት ረስቶ እጁን ከኪሱ አያወጣም፤
ማንም አልቀጠረንም፣ ዱላም አልያዝንም፣ ፖሊስ ከእኛ ጋር አይመጣም።

ደንቡ ቀላል ነው፤ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ልጅ ሁሉ ወደ ቤቱ።
ደንብ ግን ወረቀት ነው፤ አይራመድም፣ ጨለማ አያይም።
ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ተረቱ፤
እዚህ ግን ቅጠል የለም፣ ዛፍ አያበቅልም መሬቱ።
ያለን እግር ነው።
ስለዚህ እንሄዳለን፤ በዳቦ ቤቱ ጓሮ፣ በመዋኛው አጥር፣
ጀልባ በተገለበጠበት፣ በጎማ ክምር ሥር።

እኔ ይህን መንገድ በካርታ አላውቀውም፤ በጉልበቴ ነው።
አሥራ አራት ዓመታችን ነበር፣ እዚያ ጥቁር ድንጋይ ላይ
ከሀፍሊዲ ጋር የጠጣነው፤
ከአባቱ ጋራዥ የሰረቅነው፣ በወተት ጠርሙስ፣ ቀለም የሌለው፣
ሲወርድ የሚለበልብ፣ ከወረደ በኋላ «ጀግና ነህ» የሚለው።
«ጀግና ነህ» አለን። እኛም አመንነው።

ያን ጊዜ በመንገዱ የሚዞር ቢጫ ልብስ አልነበረም።
ትልልቆቹ ከመጋረጃቸው ጀርባ ሆነው
«ልጅነት ነው፣ ያልፋል» ይሉ ነበር።
እርግጥ ነው፣ አለፈ።
ሀፍሊዲን ግን ይዞት አለፈ፤
በመጋቢት ማለዳ፣ ከወደቡ ደረጃ ሥር፣ አንድ ጓንቱ ተንሳፈፈ።
ሰው ስለ እሱ ሲያወራ «ባሕር ወሰደው» ይላል፤
ባሕር ምን አጠፋ? ባሕር እኮ የሰጡትን ይቀበላል።

ዛሬ ከበረዶው መጋዘን ጀርባ ባትሪው አንድ ፊት ላይ ወደቀ።
ልጁ አልሮጠም፤ ዓይኑን በክንዱ ጋርዶ
ጃኬቱ ውስጥ የሆነ ነገር ደበቀ።
«ስምህ ማነው?»
«ስቱርላ።»
«የማን ልጅ?»
«የማንም» አለ፤ ድምፁ መሐል ላይ ተሰበረ፣
ግማሹ የሕፃን፣ ግማሹ ገና ያልደረሰ ጎረምሳ ነበረ።

ብሪንዲስ ባትሪውን ቀስ ብላ ወደ መሬት አወረደችው፤
ከቦርሳዋ ፔርሙስ አውጥታ ኮኮዋ ቀዳች፣ በክዳኑ ሰጠችው።
እጁ ይንቀጠቀጣል። ከብርድ ይሁን ከሌላ አልጠየቅነውም።
ኦዱር ሳለ።
ልጁ ሌሎቹን ትቶ ወደ እኔ ዞረ፦
«አንተስ ጠጥተህ ታውቃለህ?»
«አዎ።»
«ጥሩ ነው?»

እዚህ ላይ በራሪ ወረቀቱ «አይደለም በል» ይላል፤
ስብሰባ ላይ የሰጡን፣ ሥዕል ያለበት፣ ኪሴ ውስጥ ተጣጥፏል።
«መጀመሪያ ጥሩ ነው» አልኩት፤
«ውሸት አምሮበት ካልመጣ ማን በር ይከፍትለታል?
ያሞቅሃል፤ ሲወጣ ግን ኮትህን ይዞ ይሄዳል።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኮቴን ስፈልግ ኖርኩ፤
አንዱን እጅጌ ዛሬም አላገኘሁት።»
ሊስቅ ነበር። ተወው።

«ባትሪውን ያዝልን» አለችው ብሪንዲስ፣ እንደ ዋዛ፤
ያዘ፤ ከፊታችን ሄደ፣ መንገዱን እያበራ፣ ከጎኑ ጥላውን እየነዳ።
ከመዋኛው አጥር አጠገብ ጠርሙስ መሬት ሲነካ ሰማሁ፤
አልተሰበረም። በቀስታ ነው ያስቀመጠው፣ እንደሚመለሱለት ዕቃ።
ዞር አላልኩም።

ቤቱ ጨለማ ነው። እናቱ የሌሊት ፈረቃ ናት፤
ቁልፉ በአንገቱ ላይ በክር ተንጠልጥሏል።
ባትሪውን መለሰ፣ ገባ፣ ደህና እደሩ አላለም።
እኛም አልሄድንም።
አዲሱ ሰውዬ እጁን ከኪሱ አውጥቶ እፍ እያለ ወደ መስኮቱ ያያል።
በራ። አንድ መብራት፣ ከላይ፣ በስተቀኝ።

ሀፍሊዲ ቤትም ያን ሌሊት መብራት በርቶ ነበር፤
እስከ ንጋት።
እስከ በሩ የሚያደርሰው ነው ያጣው።