ደረሰኝ

ማክሰኞ ነው የላክሁት፣ ለገዢው የሚደርሰውን ቅጂ፤
የጭነቱን ወረቀት፣ የሰሊጡን ደረጃ፤ የአንማውን ተስፋ እንጂ
ሌላ ምን ይይዛል ፖስታ?
ሞተረኛው መጣ፤ «ፈርምልኝ» ብለው ፈገግ አለ በዝምታ።
«ወረቀት ቀርቷል እትዬ» ብሎ ስልኩን ነካ፣ ሄደ፤
ወዲያው በእኔ ስልክ ጽሑፍ ወረደ፦
«ተረክበናል፤ ዘጠኝ ሰዓት።»
የግድግዳዬ ሰዓት ግን ሦስት ነው፣ ጧት።

ባንኩ ከባሕር ማዶ ጻፈ፤
ማኅተም የለውም ብሎ፣ የእናንተ ሦስት ከዚህ ዘጠኝ አይገጥምም ብሎ
ክፍያውን አሳደረ።
ስድስት ሰዓት፣ ከአንድ ጧት ውስጥ፣ የት ገብቶ ቀረ?

አባቴ ከባሕር ዳር ዘጌ በታንኳ ደብዳቤ ያመላልስ ነበር።
ፊርማ አያውቅም። ተቀባዩ ከጓሮው አንድ ሎሚ ይቆርጥለታል፤
ላኪው ማታ ሎሚውን ያሸታል፣
«ደርሷል» ይላል፣ እንቅልፉን ይተኛል።

የኔ ማያ ላይ አረንጓዴ ምልክት በርቷል፤
ደርሷል ይላል፣ ደርሷል፣ ደርሷል።
ለማን ነው የደረሰው?
«ደረሰኝ» እኮ ወረቀት ከመሆኑ በፊት ቃል ነበር፤ የሚለው ሰው፣
እኔን፣ በእጄ፣ ይኸው ያዝሁት የሚል ሰው።

ማማረሩን ትቼ ጻፍሁላቸው፦
«እኛ ከፀሐይ መውጫ ነው የምንቆጥር። ስድስቱ ሰዓት አልጠፋም።»
ባንኩ ዝም።
ዐርብ ከገዢው ቢሮ፣ ስሟን የማላውቃት አንዲት ጸሐፊ መለሰች፦
«ፖስታው እጄ ላይ ነው። ጥጉ ትንሽ ረጥቦ ደርቋል።»

በመስኮቱ ጣናን አየሁ።
ማክሰኞ ጧት፣ በሦስት ሰዓት፣
እዚህ እያካፋ ነበር።