ሦስት ነጥብ

ሎርን ማካይዛክ ነው ስሙ፤ ሃሊፋክስ፣ ወደቡ ዳር፣
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ብሎን ሲያጠብቅ ነበር፤
ከስዊድን በመርከብ፣ ተፈትቶ የመጣውን አካላት
እዚህ እየገጣጠሙ ነፍስ ሲዘሩበት፣
የሎርን ድርሻ ቀበቶው ነው፤ አንዱን ጫፍ ከትከሻ በላይ፣
ሁለቱን ከዳሌ ግራ ቀኝ፤ ሌላ ነገር አያይ፣
አጥብቆ፣ ሁለቴ ስቦ፣ "ቀጥል!" ይል ነበር አሉ፣
ቀጣዩ ሲመጣም እንደዚያው፤ ቀኑ እስኪያልቅ በሙሉ፤

ታሪኩን የነገረኝ ራሱ ነው፣ ኮፈኖውን ከፍቶ እንደቆመ፦
አንድ መሐንዲስ ነበር አለ፣ ሰማይ ሲያልም የከረመ፣
አብራሪውን ከሚነድ አውሮፕላን አስፈንጥሮ የሚያወጣ
ወንበር ሲሠራ ኖሮ፣ ኋላ ወደ መኪና መጣ፤
ሰው መወርወር የለመደ እጅ፣ ሰው ማቀፍ ተማረ፣
ከትከሻ ወደ ወገብ አንዲት መስመር አሠመረ፤
ኩባንያውም "የኔ ነው" ብሎ ደጁን አልዘጋ፣
"ውሰዱ" አለ ለተፎካካሪው፤ ነፍስ አይወጣላትም ዋጋ፤

ይኼን ብሎ ሎርን ሳቀ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ደረቀ፦
"የኛን ደጅ ግን ዘጋው እኮ! በዘጠና ስምንት አለቀ፣
ገና ሲደርስ፣ በብርዱ፣ መሣሪያችንን አስረክበን፤
እኔና ይቺ ቀረን፣ አብረን ልናረጅ ተዋውለን"

የሰማንያ ሦስት ሥሪት ናት፤ ሺህ ዶላር ስሰጠው አልተከራከረ፣
አንድ ቃል ብቻ አስገባኝ፣ ቁልፉን በመዳፉ እንደቋጠረ፦
"እስከ ጥግ ሱቁ ቢሆን እንኳ፣ ሳትታሠር አትንቀሳቀስ፣
መንገድ ነጋሪት አይጎስምም፣ አንተን ሊበላ ሲደርስ"

ባለቤትነቱንስ ምን ልበል፤ እንዳይመስላችሁ ምቾት፣
የሽቦዎቿ ልባስ ተፈረፈረ፣ እንደ ደረቀ ዳቦ ቅርፊት፤
ማሞቂያዋ ጥር ላይ ያኮርፋል፣ ግንቦት ላይ ይታረቃል፣
የኋላው በር ለሎርን ይከፈታል፣ እኔን ሲያይ ይደርቃል፤
ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋማ፣ አንዲት ጥርስ ረግፋበት፣
ሦስት መቶ ሰማንያ ሺህ ላይ ቆመ፤ እሷ ግን ቀጠለችበት፣
ዕድሜዋን እንደማትናገር ወይዘሮ

ትሩሮ፣ ሌሊት ፈረቃ፣ "ሣጥን" ይሏታል ባልደረቦቼ፣
"እሺ፣ ሣጥን" እላለሁ እኔም፣ መስተዋቷን ጠርጌ፣ ፍቄ፤
ሌላ ሣጥን እንዳለ ግን ያኔ ማናችንም አላሰብን

የካቲት ነው፤ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት፤ ስቱዊያክ አለፍ ብሎ፣
አስፋልቱ ጥቁር ነው፣ ደረቅ ነው፤ በረዶ ነው አስፋልት መስሎ፣
መሪው እጄ ላይ ቀለለ (ይኼን የቀመሰ ያውቀዋል)
ጥዱ ዞረ፣ ሰማዩ ዞረ፣
ከዚያ ቋጥኙ
ከዚያ ዝም

ጥር ሙሉ ያኮረፈው ማሞቂያ፣ ያን ጊዜ፣
ሞቅ አድርጎ ነፈሰ

ደረቴ ላይ፣ ከትከሻ እስከ ወገብ፣ አንድ ወፍራም ሰንበር፤
ዝናር መሰለኝ፣ ጥይት አልባ፤ አንቀልባም፣ ለጎልማሳ የሚታሠር

ሎርን ሆስፒታል መጣ፤ ፊቴን አየት አድርጎ "መኪናዋስ የት ናት?" አለኝ፣
በማግስቱ ከአሮጌ ብረት ማከማቻው ቆርጦ ያመጣውን አሳየኝ፦
አንድ ክንድ ቀበቶ፣ ከነብሎኑ
"እኔ አጥብቄው ይሆናል፤ ወይ ደግሞ ዌንደል፣
ሰኞ ሰኞ ስካሩ የማይለቀው፤ ማን ያውቃል?"
ብሎኑን በጣቱ አዟዟረ፤ "ማንም ያጥብቀው፣ ጠብቋል"

ጠብቆ፣ ጠበቀኝ

ታስሬ ነው የተፈታሁ፤ ሣጥኗ ነች ከሣጥን ያስቀረችኝ፣
አራት ነጥቡ ሊቀመጥብኝ ሲል፣ ሦስቱ ነጥብ ቀድሞ ያዘኝ

አሁን የምነዳው ሌላ ነው፤ ስክሪን አለው፣ ካልታሠሩ ይጮሃል፤
እስካሁን አንድም ቀን አልጮኸብኝም፣
እጄ ቀድሞት ትከሻዬ ላይ ይደርሳል፣
ሁለቴ ይስባል፣
ጠቅ