ቀይ የሚገባበት ቀዳዳ

ድሬዳዋ፣ ታይዋን ተራ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣
ጥላ እንደ ስኳር ወረፋ በሚያሰልፍ ፀሐይ፣
አንዲት ሴት መጣች፣ በፌስታል ጠቅልላ
መዳፍ የምታህል አረንጓዴ ቦርድ፣ አንድ ጥጓ የተበላ።
«አቦ፣ ይቺ ምንድናት?» አለችኝ።
ሌላ ሰላምታ አልሰጠችኝ።

ገለበጥኳት። ጽሑፍ የላትም።
ፋብሪካ፣ ቁጥር፣ አገር፣ ምንም።
የቺፑ ጀርባ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቋል፤
የፋቀው ሰው ወይ ፈርቷል፣ ወይ ንቋል።
በአንድ በኩል ክብ ሶኬት፣ ስምንት ቀዳዳ፣
በሌላው ቢጫ ገመድ፣ ጫፉ በዝገት የተጎዳ።
ጎረቤቴ ሚፍታህ በትከሻዬ ላይ አይቶ
«በኪሎ ናት እሷ» አለ፣ ሚዛኑን አመልክቶ።

እኔ ግን አሸተትኳት። (የሚስቅ ይሳቅ፤
ቦርድ ሲያረጅ ሽታው ነው ዕድሜውን የሚያሳውቅ።)
ሙጫ፣ ናፍጣ፣ ደግሞ ጥቂት አሸዋ፣
ደቻቱ የሞላ ጊዜ ገብቶ የቀረ በገላዋ።
ክሪስታሏን በአልኮል፣ በጥርስ ብሩሽ ፈተግኩ፤
አሥራ ሰባት፣ ነጥብ፣ ሰባት ሦስት… ጮክ ብዬ አነበብኩ።
ይህን ቁጥር እንደ ስሜ አውቀዋለሁ፤
የኛ ቲቪ ቀለሙን በሱ ሲቆጥር ኖሬ አይቻለሁ።

«ከምን ጋር ነበረች?»
«ከኮምፒውተር ጋር» አለች።
«ቁልፎቹ ላስቲክ፣ ሲጫኗቸው እንደ ማስቲካ።
አባቴ ነው ከጅቡቲ በባቡር ያመጣልኝ፣ ከልብስ መሃል ከትቶ።
ከቲቪው ስንሰካው፣ ኳሷም ግራጫ፣ ግንቡም ግራጫ፤
‹እሱ ቀለም የሚያወራው በፈረንሳይኛ ነው› አለኝ፣
‹ቲቪያችን የሚሰማው አማርኛ ብቻ።
ቆይ፣ አስተርጓሚ እሠራላቸዋለሁ።›»

ሮብሌ ዋይስ። ሸሚንደፈር፣ የስልክና የምልክት ክፍል።
ስሙን ስትጠራው ብየዳው ገባኝ፦
እንደ ሽምብራ የወፈረ፣ ቲቪ ሠሪ የማያባክነው ሊድ፤
ሀዲድ ዳር የዋለ፣ ንዝረት የሚፈራ እጅ ነው እንዲህ የሚበይድ።
ሬዚስታንሶቹም ከባቡር ስልክ የተነቀሉ፣
እግራቸው አጥሮ፣ እንደ ችግኝ ዳግመኛ የተተከሉ።
ከካታሎግ ምን አስፈለገኝ? የትም ቦታ የለችም።
ለአንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ተሠራች፤ ሌላ ደንበኛ አልነበራትም።

በማግስቱ ከገንደ ቆሬ በባጃጅ፣
ኮምፒውተሩን ታቅፋ መጣች፣ እንደ ታመመ ልጅ።
ሰካሁት።
ተርገበገበ፣ ጮኸ፣ ቆመ።
ነጭ መሆን የነበረበት ገጽ የውሃ ቀለም ይዞ በራ፤
ነጭ ቀይ ሲጎድለው ባሕር ይሆናል፣
ይህን የሚያውቅ ያውቀዋል።
ቴስተሬን ይዤ የቀዩን መንገድ ተከተልኩ፣ እግር በእግር፣
እስከ አንድ ቀዳዳ፣ ንጹሕ፣ ጠርዙ እንደ ቀለበት የሚያበራ።
አልተቃጠለም። አልተበጠሰም።
አልተጀመረም ነበር።

«ቀዩን አልጨረሰም» አልኳት።
ሚፍታህ ሚዛኑን ማንኳኳት ተወ።
«ሊድ አልቆበት ነበር» አለች ቆይታ፣
«‹ነገ ከጋራዥ አመጣለሁ› ብሎ፣ በአንድ ማታ።
ግንቡ ቀይ ነው ይለኝ ነበር።
እኔ አላመንኩትም፤ ግራጫ ስለነበር።»

ከዚያስ ብዬ አልጠየቅኩም።
ካውያው ግሏል። የግማሽ ደቂቃ ሥራ ናት።
«ልበይደው?» አልኳት።
ስክሪኑ ጥግ ላይ ትንሿ ሳጥን ብልጭ ትላለች፣ ትጠፋለች፣
ጻፉብኝ ትላለች።
«ስንት ነው?»
«የምኑ?»
«ማን መሆኗን የነገርከኝ።»
«ሃምሳ ብር።»
መቶ ሰጠችኝና፣ «በመልሱ
አንድ ስንዝር ሊድ ቁረጥልኝ» አለች።
ቆረጥኩላት። በጣቷ እንደ ቀለበት ጠመጠመችው፣
ቦርዷን በፌስታሏ ጠቅልላ ወጣች።

መዝገቤ ላይ፣ ከደንበኛ ስም ትይዩ «ኢፍራህ»፣
የዕቃው ዓይነት ከሚለው ስር ብዙ ቆየሁና
«ሮብሌ፣ ቁጥር አንድ» ብዬ ጻፍኩ።
ሚፍታህ በትከሻዬ ላይ አይቶ፣
«ሁለተኛም አለ እንዴ?» አለኝ።