ሞላ ጎደል

ከአራት ጎረቤት አራት ሚዛን ለምኜ፣
የመኪናዬን ጎማ በየአንዱ ላይ ጭኜ፣
መሪው ኋላ ተቀመጥኩ። እህቴ ግሌኒስ ሲሚንቶው ላይ ተኝታ
ቁጥር ትጠራለች፣ በባትሪ፣ በየተርታ።
«የቀኙ በለጠ» አለች፤ «ብረቱ ግን አይደለም፣
ቦርጭህ ነው ኢድሪስ፤ ለሱ መፍቻ የለም።»

በካርቶን መጥታ በብሎን ያደገች፣
ከነነዳጇ እንኳ አምስት መቶ ኪሎ ያልሞላች።

ሞላ ሻጩ ታልቦት ከሄርፎርድ ደወለ፤
«ጠንካራውን ውሰድ፣ የእሽቅድምድም ነው» አለ።
ወሰድኩ።
የራያደር መንገድ፣ ውርጭ የሰነጠቀው፣
ጥርሴን እንደ ጠጠር በቆርቆሮ ናጠው።
እርጥብ ቅጠል ረግጣ ትነጥራለች፤
ጎማዋ ከአስፋልቱ ይልቅ ሰማዩን ታውቃለች።
ኩርባው ላይ መሪውን ባዞር አልሰማችኝ፤
ከአንድ በግ ጋር፣ በአጥር ላይ፣ ዓይን ለዓይን አጋጠመችኝ።

ሞላ ሲሉት ሰምቼ የሚሞላ መስሎኝ፣
ወገብም፣ ኩራትም፣ ጥርስም አጎደለብኝ።

«ቀላል ናት» አለች ግሌኒስ፣ «እንደ ቀላል ያዛት፤
መንገዱ ሲያጎነብስ እሷም ትጎንበስ፣ ተዋት።»

ለስላሳው መጣ። ዛሬ፣ ሞላ ጎደል፣ ሰላም ነን።
ሚዛኖቹን መለስኩ፤ ሦስቱን።
ወይዘሮ ፔንሪ በሯን ገርበብ አድርጋ
«ያንተው ይሁን» አለች፤
«እኔን ሲጨቀጭቀኝ ኖሯል፤ አሁን ደግሞ መኪናህን።»