ከዚህ ቀደም አመልክተዋል?

ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ከስልክ ቁጥሬ በታች፣
አንዲት ጥያቄ አለች፤ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች፦
«ከዚህ ቀደም ወደ ድርጅታችን አመልክተው ያውቃሉ?»
አዎ። የለም። ሁለት ባዶ ሳጥኖች ይጠብቃሉ።

ውጭ የአዳማ ነፋስ የኮምፒውተር ቤቱን ቆርቆሮ ይገርፋል፤
አቧራው በበሩ ስር ሾልኮ ኪቦርዱ ላይ ያርፋል።
«የለም» ብል ማን ያውቃል? አምና ያስገባሁት ወረቀት
ይሄኔ በርበሬ ተጠቅልሎበታል አንዱ ሸቀጥ ቤት።

አምና በዚሁ ወር፣ ፖስታ ቤት አጠገብ፣ አራተኛ ፎቅ፣
የአጎቴን ሰፊ ኮት ለብሼ፣ ብብቴ በላብ ሲጠመቅ፣
ሦስት ሰዎች ፊት ቀረብኩ። መሐል የነበረችው ሴት
እርሳሷን ወረቀቷ ላይ አስተኝታ፣ በረጋ አንደበት፣
«አዳማ ውስጥ ስንት ባጃጅ አለ? ገምት» አለችኝ።
«ለቁጥሩ ግድ የለንም፤ እንዴት እንደምታስብ አሳየኝ።»

ቀልድ መሰለኝ። ሳቅኩ።
ማንም አልሳቀም።
«ብዙ» አልኩ።

አራት ዓመት ኢኮኖሚክስ፣ ያውም በማዕረግ፣ «ብዙ»!
ሦስቱም አቀርቅረው አንድ አንድ መስመር ማስታወሻ ያዙ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፦ «ስላመለከቱ እናመሰግናለን፤ መልካም ዕድል።»
ዕድልን እንደ መልስ ሳንቲም መዳፌ ላይ ቆጥረው መሸኘታቸው አይደል?

ከዚያ የጋሽ ወርዶፋን ባጃጅ ይዤ ወጣሁ።
ቂም ነው መሰለኝ፣ መቁጠር ጀመርኩ።
ከፍራንኮ ቦኩ፣ ከቦኩ ገንደ ሀራ፣ በጎን መስታወት፤
በቤንዚን ሰልፍ ሌሊት፣ ጋቢ ተከናንቤ፣ ሁለት መቶ ስድስት።
ጋራዥ የተኙትን፣
ባንክ የያዛቸውን፣
በአንድ ታርጋ ሁለት ሆነው በፈረቃ የሚወጡትን፣
ሾፌሩ ታሞ፣ ግቢ ውስጥ፣ ዶሮ የሰፈረበትን አንዱን፣
ጠዋት ቆጥሬው ማታ ሞተሩ ተሸጦ ያገኘሁትን።
ደብተሬ ሞላ።
ቁጥሩ ግን አንድም ቀን ቆሞ አልጠበቀኝም።

ሚያዝያ ላይ ዝናብ ጣለ። አንዲት ሴት እጇን አወጣች።
እሷ ናት። አላወቀችኝም፤ ስልኳ ላይ ነበረች።
«ፖስታ ቤት፣ ኮንትራት፣ ስንት?»
ስንት! እግዜር ያሳያችሁ፣ እንደገና ስንት።
ርቀቱን አሰብኩ፣ ጎርፉን፣ ባዶ መመለሴን፣
ጋሽ ወርዶፋ ማታ የሚጠብቀውን ገቢ፣ የራሴን እራት፣
ሁሉን ደማምሬ፣ በልቤ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ነገርኳት።
«ብዙ ነው» አለች።

ሳቄ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። ዋጥኩት።
አሥር ብር ቀነስኩላት።

እህቴ ሌንሴ «እምቢ ያለ ደጅ ሁለቴ አይረገጥም» ትላለች፤ ልክ ትሆናለች።
ጋሽ ወርዶፋን ስጠይቀው ከጎማው ቀና አላለም፦
«ሞተር ባንዴ እምቢ ካለ ማንሻው ደግሞ ይሳባል፤
ባጃጅ በዚህ አይሸጥም።»

«አዎ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ።
ከስሩ ሌላ ሳጥን ተከፈተ፤ ለካ አድፍጦ ነበር፦
«ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ?»
ሦስት መስመር ብቻ።
ጻፍኩ። አጠፋሁ። ስለ ትጋት ጻፍኩ፤ እሱንም አጠፋሁ።
በመጨረሻ፦ «ያንኑ ጥያቄ ዛሬ ብትጠይቁኝ
ከመገመቴ በፊት እኔም አንድ እጠይቃለሁ፦
በስንት ሰዓት?»

«ላክ» የሚለውን ተጫንኩ። ክቧ ትዞራለች፣
ኮረብታው ላይ እንዳሉት የነፋስ ተርባይኖች፣
ማንም እንደማይጠብቃት ሁሉ፣ ቀስ ብላ።
ተልኳል አላለችም። አልተላከም አላለችም።

የሰዓቴን ሒሳብ ከፍዬ ወጣሁ።
ባጃጄ ውስጥ አንዲት እናት ከነዘንቢላቸው ገብተው ተቀምጠዋል፤
ነጠላቸውን ከአቧራው አፋቸው ላይ ይዘው
«ቦኩ ነኝ» አሉኝ።
«ቆየህ እኮ።»